ስንደዶ፣ ጭቃና ካርቶን፦ ልጆችን ፊደል በማስቆጠር ታሪክ ውስጥ የእጅ ሥራ ስፍራ

ይህን ሐተታ እንድጽፍ ያነሣሣኝ ከቤቴ የገጠመኝ አንድ ትንሽ ነገር ነው። በ2014 ዓ.ም. ታናሺቱ ልጄ ገና የአምስት ዓመት ልጅ ነበረች። መዋዕለ ሕፃናት በገባች በጥቂት ወራት ውስጥ ሀሁን ከ«ሀ» እስከ «ፐ» በዜማ ትወርደው ስለ ነበር፣ እንግዳ በመጣ ቁጥር «እስቲ በይላቸው» እያልን እናስወርዳት ነበር። እንግዳው ያደንቃል፤ እኛም ደስ ይለናል። አንድ ቀን ማታ ግን ጋዜጣ ሳነብ አጠገቤ መጥታ ስትቀመጥ፣ «ሴቶች» ከሚለው ቃል የመጀመሪያዋን ፊደል በጣቴ ጠቁሜ «ይቺ ማን ትባላለች?» ብዬ ጠየቅኋት። ዝም አለች። ከዚያ ተነሥታ ግድግዳው ላይ ወደ ተሰቀለው የፊደል ገበታ ሄደችና ጣቷን «ሀ» ላይ አድርጋ መውረድ ጀመረች። «ሀ ሁ ሂ ሃ ሄ ህ ሆ»ን ጨርሳ «ለ»ን፣ «ለ»ን ጨርሳ «ሐ»ን እያለች ሄዳ ሄዳ «ሰ ሱ ሲ ሳ ሴ» ላይ ስትደርስ ቆመችና «ሴ ናት!» አለችኝ።

ቆጥሬዋለሁ። ልጂቱ አንዲት ፊደል ለማወቅ 47 ፊደል ተራምዳለች። በመንገዷም 33ኛዋ ላይ «ሤ» ብላ አልፋለች። ድምፁ አንድ ስለ ሆነ ጆሮዋ ሊያስቆማት ይገባ ነበር፤ መልኩ ግን ሌላ ነውና ዓይኗ አላስቆማትም። እንግዲህ ልጄ ዜማውን ታውቃለች፣ መልክንም ከመልክ ታመሳስላለች፤ መልክና ድምፅ ግን ገና አልተገናኙላትም ማለት ነው። ለአንድ የሥነ ጽሑፍ መምህር ይህ በቤቱ ሲደርስበት የሚያሳፍር ነው። ከ15 ዓመት በላይ ስለ ንባብ ሳስተምር አንባቢው አንባቢ ከመሆኑ በፊት ምን እንደ ነበረ ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው ነገር ከዚያ ማታ ወዲህ የተመለከትሁት ነው። ጥያቄው አንድ ነው፤ ፊደላችንን ለልጅ በማስተማር ታሪክ ውስጥ እጅ ምን ሠርቷል? ዛሬ በየመዋዕለ ሕፃናቱ ልጆች ፊደልን ከጭቃ ሲያድቦለቡሉ፣ ከካርቶን ሲቆርጡ፣ በባቄላና በምስር ሲለጥፉ እናያለን። ይህ ጨዋታ ነው ወይስ ትምህርት?

ገበታውና ስንደዶው

እኔ ፊደል የቆጠርሁት በ1970ዎቹ ዓመታት መካከል በሰሜን ሸዋ በአንዲት የገጠር ደብር ነው። ዘመኑ የደርግ ቢሆንም የኔታ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥር ዛፍ ሥር እንደ ጥንቱ ይቀመጡ ነበር። ገበታችን በወፍራም ወረቀት የታተመ፣ ጠርዙ የተበላ፣ በላብና በቅቤ የወዛ ነበር። ከእኛ በፊት የነበሩት ልጆች በብራና ላይ በእጅ በተጻፈ ፊደል ነበር የሚማሩት፤ የታተመ ገበታ በየገበያው እስኪሸጥ ድረስ ፊደል ራሱ ውድ ዕቃ ነበር። በዚህ ረገድ እንደ ተስፋ ገብረ ሥላሴ ዘብሔረ ቡልጋ ያሉ አታሚዎች የፊደል ገበታን በየደሀው ልጅ እጅ ለማግባት የሠሩትን ሥራ የትምህርት ታሪካችን ገና በሚገባ አልመዘነውም።

እያንዳንዳችን መጠቆሚያ ነበረችን። እናቴ ስፌት ትሰፋ ስለ ነበር የእኔን መጠቆሚያ የምመዝዘው ከስንደዶዋ ነዶ ነበር፤ መሶብ የሚሆነው ሣር ፊደል መቍጠሪያም ይሆናል። ስንደዶው በጣት መካከል ይያዛል፣ ጫፉ በፊደሏ እግር ሥር ያርፋል፣ አፍ ይጠራል፣ ስንደዶው ወደሚቀጥለው ይሻገራል። አንድ ልጅ ስንደዶውን ቀድሞ አፉ ከሄደ የኔታ ከሩቅ በድምፁ ብቻ ያውቁበትና «ስንደዶህ የታለ?» ይላሉ። ይህን ያህል ነበር የእጅ ድርሻ። እጅ ይጠቁማል እንጂ አይሠራም።

ጽሕፈት ሌላ ሞያ ነበር። ቁም ጸሐፊ መሆን የሚፈልግ ከብዙ ዓመት በኋላ ወደ ጸሐፊው ሄዶ ፍየል ቆዳ መፋቅ፣ ብራና መወጠር፣ በወስፌ መሥመር ማስመር፣ ከጥላሸት ቀለም መበጥበጥ፣ መቃ መቅረጽ ይማራል። ስለዚህ ዳዊት ደግሞ ድግስ የተደገሰለት፣ ነገር ግን ስሙን መጻፍ የማይችል ሰው ማግኘት በገጠር ብርቅ አልነበረም። ማንበብና መጻፍ በአንድ ቃል አያይዘን የምንናገረው ከዘመናዊ ትምህርት በኋላ ነው፤ በቀድሞው ሥርዐት ማንበብ የዓይን፣ የጆሮና የአፍ ሲሆን መጻፍ የእጀ ብልኅ ሞያ ነው። ይህም በከፊል ለእጅ ሥራ የነበረውን ንቀት ያሳያል ብል የሚቆጣኝ አይኖርም ብዬ እገምታለሁ። ጸሐፊውን እንደ ሸማኔውና እንደ ሸክላ ሠሪው ባይንቁትም፣ በጥርጣሬ የሚያዩት ብዙ ነበሩ።

ይህ ሥርዐት ግን የአገሪቱ ሁሉ አልነበረም። በወሎም ሆነ በሐረር ቁርኣን ቤት የገባ ልጅ ሎሕ የሚባል የእንጨት ሰሌዳ ይሰጠዋል፤ በጥላሸት ቀለም ይጻፍበታል፣ ሲያጠናው ያጥበዋል፣ ሌላ ይጻፍበታል። እዚያ ቀለምና እንጨት ገና ከጅምሩ በልጁ እጅ ነበሩ። አንድ ገበያ ውለው በሚገቡ ጎረቤታሞች መካከል፣ በአንዱ ቤት ልጁ ሰሌዳ ሲያጥብ በሌላው ስንደዶ ይመዝ ነበር ማለት ነው። ሁለቱን አስተያይቶ የሚጽፍ ተማሪ ቢገኝ ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል።

አቡጊዳ ስለ ምን መጣ?

ለብዙ ጊዜ የቄስ ትምህርት ቤትን «ሽምደዳ» እያልሁ ለተማሪዎቼ አስተምሬያለሁ። የልጄ ነገር ግን አንድ የዘነጋሁትን ነገር አስታወሰኝ። የኔታ ሀሁን ከወረድን በኋላ ወደ ዳዊት አላሳለፉንም። ሌላ ገበታ ነበር፤ አቡጊዳ።

አቡጊዳ ምን እንደሚያደርግ ልብ ይሏል። «አ» ከግዕዝ፣ «ቡ» ከካዕብ፣ «ጊ» ከሣልስ፣ «ዳ» ከራብዕ፣ «ሄ» ከኃምስ፣ «ው» ከሳድስ፣ «ዞ» ከሳብዕ ተነሥተው በአንድ መሥመር ይቆማሉ። የፊደሉ ተራ ሀለሐመ መሆኑ ቀርቶ አበገደ ይሆናል፤ ድምፁም በየእርምጃው ይለወጣል። በሀሁ ዜማ የመጣ ልጅ እዚህ ይሰናከላል። ዜማው አይረዳውም፤ ከፊቱ ያለችውን ፊደል በመልኳ ማወቅ አለበት። እንግዲህ አቡጊዳ የሀሁ መፈተኛ ነው። ልጄ የያዛት በሽታ የኔታ የሚያውቁት በሽታ ነበር፤ መድኀኒቱም በገበታው ጀርባ ታትሞ ነበር።

እርግጥ አቡጊዳም ሲደጋገም በተራው ዜማ ይሆናል፤ ሰነፍ ተማሪ እሱንም በአፉ ያወርደዋል። ለዚህ ነው የኔታ ከሁለቱ ገበታዎች ቀጥሎ የመልእክተ ዮሐንስን ንባብ ያመጡት፤ እዚያም በመጀመሪያ ቃሉ ፊደል በፊደል ይቈጠራል፣ ቀጥሎ ይነበባል፣ ከዚያም መነሣቱና መውደቁ፣ መጥበቁና መላላቱ እየታረመ ይሄዳል። ስለ ሥርዐቱ ብዙ ልንወቅስ እንችላለን፤ ዱላውን አልረሳሁትም። ነገር ግን ፊደልን ከዜማው ነጥሎ የማወቅ ችግር እንዳለ ያልገባው ሥርዐት አልነበረም።

በነገራችን ላይ አበገደን ከልጆች ገበታ አውጥተው ወደ ሊቃውንት ሥራ ያመጡት አለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ናቸው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው መጽሐፈ ሰዋስው ወግስ ወመዝገበ ቃላት ሐዲስ የተደራጀው በዚህ ተራ ነው፤ ለዚህም ነው ዛሬ ተማሪዎቻችን መዝገበ ቃላቱን ሲከፍቱ ቃል ፍለጋ ግማሽ ቀን የሚውሉት። የውጭዎቹ ሊቃውንትም ቢሆኑ ቃሉን ወስደውታል። ፒተር ዳንኤልስ እ.ኤ.አ. በ1990 እናት ፊደሉ በአናባቢ ምልክት እየተለወጠ የሚሄድበትን የጽሕፈት ዐይነት «አቡጊዳ» ብሎ ከሰየመ ወዲህ የሕንድ ፊደላት ሳይቀሩ በዚህ ስም ይጠራሉ። የልጆቻችን ሁለተኛ ገበታ የዓለም ስም ሲሆን፣ እኔ እየዞርሁ ባየኋቸው መዋዕለ ሕፃናት ግን ከግድግዳው ላይ ወርዷል። ዘመናዊው ክፍል ከቄስ ትምህርት ቤት ዜማውን ወርሶ መፈተኛውን ጥሎታል።

እጅ ወደ ክፍል ሲገባ

ልጅ በእጁ እየሠራ ይማር የሚለው አሳብ ወደ እኛ የመጣው ከአውሮፓ ነው። ፍሪድሪኽ ፍሮበል እ.ኤ.አ. በ1837 በጀርመን አገር በባድ ብላንከንቡርግ የሕፃናት ማቆያውን ሲከፍት ከሰጣቸው ሥራዎች መካከል ወረቀት ማጠፍ፣ እንጨት መደርደር፣ ጭቃ ማድቦልቦል ይገኙበታል። ፊደልን ከእጅ ጋር በቀጥታ ያገናኘችው ግን ማሪያ ሞንቴሶሪ ናት። እ.ኤ.አ. ጥር 1907 በሮም ሳን ሎሬንሶ ሠፈር ባቋቋመችው ቤት ልጆች በብርጭቆ ወረቀት የተቆረጡ ፊደሎችን በጣታቸው ይዳስሱ ነበር፤ እየዳሰሱም ድምፁን ይጠራሉ። ከዚያም ተነቃቃይ ፊደሎችን እየደረደሩ ቃል ይሠራሉ። ዓይን፣ ጆሮና ጣት በአንድ ጊዜ እንዲሠሩ ነው።

ይህ አሳብ ወደ ፊደላችን ሲዞር ከአንድ ቍጥር ጋር ይጋጫል። ለጣልያንኛ ልጅ 21 ያህል ቅርጽ ቢቆረጥለት ይበቃዋል። ለአማርኛ ልጅ 33ቱ እናት ፊደሎች በሰባት ሲባዙ 231 ይሆናሉ፤ ዲቃሎቹና «ቨ» ሳይቈጠሩ። አንዲት የመዋዕለ ሕፃናት መምህርት 231 ፊደል በብርጭቆ ወረቀት ልትቆርጥ ብትነሣ ዓመቱ ይፈጸማል። ስለዚህ ምን ይደረጋል? በአብዛኛው የሚደረገው እናት ፊደሉን ብቻ መሥራት ነው። «ሀ» በጭቃ፣ «ለ» በምስር፣ «መ» በጥጥ ይሠራና ግድግዳ ላይ ይሰቀላል፤ ቀሪዎቹ ስድስት ድምፆች ለዜማው ይተዋሉ።

እኔም ይህን በልጅነቴ አይቻለሁ። ከየኔታ ዘንድ ወጥቼ በከተማ የቀበሌ መዋዕለ ሕፃናት የተማርሁበት አጭር ጊዜ ነበር። ዘመኑ በየአውራጃው የፔዳጎጂ ማዕከሎች የተቋቋሙበትና መምህራን መርጃ መሣሪያን ከአካባቢ ቁሳቁስ እንዲሠሩ የሚወተወቱበት ነበር። መምህርታችን፣ ስማቸውን አልጠቅስም፣ ከወንዝ ዳር የሸክላ አፈር አስመጥተው እያንዳንዳችን አንዳንድ ፊደል እንድንሠራ አዘዙን። ለእኔ የደረሰኝ «ቀ» ነበር። ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ ዋለና ክቡ ከግንዱ ጋር ከሚጋጠምበት ላይ ተሰነጠቀ። አለቀስሁ። መምህርቷ ግን ፈንታውን «ፊደልህ የቈሰለችው ከመገጣጠሚያዋ ነው» አሉኝ። የተናገሩት ለማጽናናት ነው፤ ለእኔ ግን ትምህርቱ እዚያ ቃል ላይ ነበር። ለዓመታት አንድ ምስል የነበረችው «ቀ» ክብና ግንድ ሆነችልኝ። የፊደል መገጣጠሚያ እንዳላት የኔታ አልነገሩኝም፤ ስንደዶም አያሳይም። የተሰነጠቀ ጭቃ አሳየኝ።

ፊደሉ መገጣጠሚያ አለው

ለታሪኩ ስንመለስ ነገሩ አያስደንቅም። የግዕዝ ጽሕፈት መጀመሪያ አናባቢ አልነበረውም፤ በአራተኛው መቶ ዓመት በዔዛና ዘመን ነው እናት ፊደሉ ላይ ጭረትና ቀለበት እየተቀጠለ፣ እግሩ እየረዘመና እያጠረ ድምፁ መለየት የጀመረው። ስለዚህ 231 የተባለው ቍጥር ከሩቅ ሲያዩት የሚያስፈራ እንጂ በእጅ ሲበታትኑት የሚያንስ ነው።

«ለ»ን ከካርቶን ቆርጠን አንዲት ስንጥር ካርቶን እናዘጋጅ። ስንጥሯን በቀኝ እግሩ ወገብ ላይ ብናደርጋት «ሉ»፣ ወደ ታች ብናወርዳት «ሊ»፤ በእግሩ ሥር ቀለበት ብናደርግ «ሌ»። በዚያችው ስንጥርና በዚያው ቀለበት «በ»ን «ቡ፣ ቢ፣ ቤ»፣ «ሰ»ን «ሱ፣ ሲ፣ ሴ»፣ «ከ»ን «ኩ፣ ኪ፣ ኬ» እናደርጋለን። ራብዑ ቀኝ እግርን ማስረዘም ነው፦ «ላ፣ ባ፣ ሳ፣ ካ»። ልጄ የፈለገቻት «ሴ» የ47ኛ እርምጃ መድረሻ መሆኗ ቀርቶ «ሰ» ቀለበት አጥልቃ ትሆናለች።

ይህን ከእኛ በፊት የተገነዘቡት የጽሕፈት መኪና ሠሪዎች ናቸው። በአንድ መኪና ላይ ሁለት መቶ ሠላሳ ቁልፍ ማኖር ስለማይቻል፣ በኢንጂነር አያና ብሩ ስም ከሚታወቀው ጥረት ጀምሮ መንገዱ እናቱንና ቅጥያውን ለያይቶ በወረቀት ላይ ማጋጠም ነበር። በእነዚያ መኪናዎች የተጻፈ የቆየ ደብዳቤ ያየ ሰው ቅጥያው ከእግሩ ትንሽ ፈቀቅ ብሎ እንደሚታይ ያስታውሳል። ያ ፈቀቅታ ለጸሐፊው ጉድለት ነው፤ ለፊደል አስተማሪ ግን ምሳሌ ነው።

ነገሩ ሁሉ ግን እንዲህ ልሙጥ አይደለም፤ ያልተስተካከለውን ደብቆ ማስተማርም ልጅን ማታለል ነው። ሳድስ ሕግ የለውም። «ል፣ ም፣ ር፣ ት፣ ይ» የሚጋሩት ምልክት ምንድን ነው? ምንም። ሳብዑም ሁለት ልብ ነው፤ «ቦ»ና «ሶ» ግራ እግራቸውን ያስረዝማሉ፣ «ሎ»ና «ቆ» ከላይ ቀለበት ይይዛሉ። «ረ»ና «ፈ»ም በራሳቸው መንገድ ይሄዳሉ። ፊደል ይሻሻል ያሉት ሊቃውንት ይህን አይተዋል፤ በ1930ዎቹ መጨረሻ የተነሣው ክርክርም ከሞክሼ ፊደላት ባሻገር በቅርጹ አለመስተካከል ላይ ያተኰረ ነበር። ክርክሩ ሳይቋጭ ቀረ፤ ልጆቹ ግን ሳድስን ዛሬም በዓይን ሸክም ይማራሉ። በእኔ አስተያየት የካርቶን ሥራው እዚህ ቆሞ፣ ሳድስ ለብቻው በንባብና በድግግሞሽ ቢያዝ ይሻላል።

ቆብ የደፉት ፊደላት

ከሁሉ ያስደሰተኝን አሁን ላንሣ። አማርኛ ከግዕዝ ፊደል ላይ የጨመራቸው ሰባት እናቶች «ሸ፣ ቸ፣ ኘ፣ ኸ፣ ዠ፣ ጀ፣ ጨ» ናቸው። እነዚህን የሠሩት ሊቃውንት አዲስ ቅርጽ አልፈጠሩም፤ ያደረጉት ልክ በመዋዕለ ሕፃናት ጠረጴዛ ላይ እንደሚደረገው ነው። «ሰ»፣ «ተ»፣ «ነ»፣ «ከ»፣ «ዘ»፣ «ደ» አናታቸው ላይ ጭረት ተደረገባቸው። ልጄ «ቆብ» ትለዋለች፤ እኔም ከዚህ በኋላ ቆብ እለዋለሁ።

ቆቡ የትም አልተደረገም። የቋንቋ መምህራን እንደሚያውቁት «ደ»ን ስንል ምላስ ከላይኛው ጥርስ ሥር ይነካል፤ «ጀ»ን ስንል ወደ ኋላ ወደ ላንቃ ይሸሻል። «ሰ»ና «ሸ»፣ «ተ»ና «ቸ»፣ «ነ»ና «ኘ»፣ «ዘ»ና «ዠ»፣ «ጠ»ና «ጨ» እንዲሁ ናቸው። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ በምን ይነግሩታል? መንገር አያስፈልግም፤ ያውቀዋል። አማርኛ የተናገረ ልጅ ሁሉ ለወንድ «ሂድ»፣ ለሴት «ሂጂ» ይላል። «ልበስ፣ ልበሺ»፤ «ክፈት፣ ክፈቺ»፤ «ዝፈን፣ ዝፈኚ»፤ «ያዝ፣ ያዢ»፤ «ምረጥ፣ ምረጪ»። ወንድ ሲታዘዝ ፊደሉ ቆብ የለውም፤ ሴት ስትታዘዝ ቆብ ይደፋል። ሰዋስው ሁለተኛ ደረጃ ላይ እስኪመጣ አይጠበቅም፤ በልጁ አፍ ውስጥ አለ፤ ፊደሉም ያሳየዋል።

ይህንኑ በካርቶን ሠራነው። ስድስት እናት ፊደሎች፣ ስድስት ቆቦች። እኔ «ወንድምሽን ሂድ በይው» ስላት «ደ»ን ታሳያለች፤ «እኅትሽን ሂጂ በያት» ስላት ቆቡን ትደፋለች። ሁለት ቀን ያለ ማቋረጥ ተጫወተችው። በሦስተኛው ቀን «አባዬ፣ ጨ ለምን ቆብ የላትም?» አለችኝ። እውነቷን ነው። «ጠ» ወደ «ጨ» ሲለወጥ ጭረቱ ከአናቱ ላይ አልሆነም፤ ምልክቱ ወደ እግሩ ወርዷል። ጥቂት ቀን ቆይታ ደግሞ «ኸ» ቆብ አላት፣ ለሴት ግን አትታዘዝም አለች። ይህም እውነት ነው፤ «ከ»ና «ኸ» ዝምድናቸው ሌላ ነው፤ የላንቃ ጉዳይ አይደለም። ከሁሉ የከበደኝ ግን «ተከተል» ለሴት «ተከተዪ» ሲሆን «ለ» ለምን ቆብ አልደፋችም ያለችኝ ነው። መልሱ «የ» በግዕዝ ቀድሞ ፊደል ስለ ነበረው አዲስ መሥራት አላስፈለገም ነው። ይህን ለአምስት ዓመት ልጅ ስነግራት «እሺ የ የለ ሴት ልጅ ናት» ብላ ዘጋችው። ከዚህ የተሻለ ማብራሪያ በመጻሕፍቶቻችን አላነበብሁም።

እጅ የማይደርስበት

በዚህ ብቻ ብናቆም ግን የእጅ ሥራውን ከልክ በላይ ማሞገስ ይሆናል። በ2016 ዓ.ም. ለመምህርነት የሚዘጋጁ ተማሪዎቼን ይህንኑ የቆብና የቀለበት ካርቶን ይዘው በአንድ መዋዕለ ሕፃናት እንዲሞክሩት ልኬ ነበር። ሪፖርታቸው ጥሩ ነበር፤ አንዷ ግን ያላሰብሁትን ይዛ መጣች። ልጆቹን «ገና» የሚለውን ቃል ከካርቶን ፊደል አስደርድራ ታስነብባቸዋለች። ግማሾቹ በዓሉን ይላሉ፤ ሌሎቹ «ገና አልመጣም» ሲባል እንደሚባለው ያነቡታል። ማን ልክ ነው? ሁለቱም። «አለ»ም እንዲሁ ነው፤ ሲላላ «ተናገረ»፣ ሲጠብቅ «ይገኛል»። ካርቶኑ መጥበቅና መላላትን አያሳይም፤ ፊደላችን ራሱ አያሳይምና። ሳድስም አንዳንድ ጊዜ ድምፅ አለው፣ አንዳንድ ጊዜ የለውም። ይህን ሁሉ የሚያስተካክለው አፍና ጆሮ ብቻ ነው። የኔታ ንባብን ተነሺ፣ ወዳቂ፣ ተጣይና ሰያፍ እያሉ በድምፅ የሚያርሙበት ጥንታዊ ሥርዐት እዚህ ላይ ከየትኛውም የእጅ ሥራ ይበልጣል።

የሞክሼዎቹም ጉዳይ አለ። ልጅ «ሰ»ንና «ሠ»ን፣ «አ»ንና «ዐ»ን ለየብቻ ቆርጦ ይሠራል፤ ጆሮው ግን አይለያቸውም። እጅ የማይለየውን ድምፅ በግድ ሁለት ያደርጋል። አንዳንድ መምህራን ከሁለቱ አንዱን ብቻ በማሠራት ችግሩን ይሸሹታል፤ ኋላ ግን ልጁ «ንጉሥ» የሚለውን ቃል በመጽሐፍ ሲያገኝ ይደነግጣል። እኔ ሁለቱም እንዲሠሩ እመርጣለሁ፤ ሲሠሩም «እነዚህ ሁለት መልክ ያላቸው አንድ ድምፅ ናቸው፤ በድሮ ዘመን ሁለት ድምፅ ነበሩ» ተብሎ ይነገር። ልጅ የድሮ ዘመን ሲባል ጆሮውን ያቆማል።

በ2002 ዓ.ም. በልዩ ልዩ ክልሎች በ2ኛና በ3ኛ ክፍል ተማሪዎች ላይ የተደረገው የንባብ ምዘና ብዙ ልጆች በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንኳ በሚገባ እንደማያነቡ ካሳየ ወዲህ ሰበቡን በመጽሐፍ እጥረት፣ በመምህራን ሥልጠናና በክፍል መጣበብ ስንፈልግ ቆይተናል። ሁሉም ሰበብ አለበት። ነገር ግን ምርምሩ ወደ እኛ ትምህርት ክፍልም መምጣት አለበት፤ ፊደል የሰዋስው ዕቃ ነውና። ለየትኛው እናት ፊደል ቀለበት እንደሚስማማና ለየትኛው እንደማይስማማ፣ የትኞቹ ሰባት ሳድሶች በመጀመሪያ መማር እንዳለባቸው፣ አቡጊዳ በምን መልክ ወደ ግድግዳው እንደሚመለስ የሚያጠና ሰው ያስፈልጋል። ይህ የፔዳጎጂ ሰዎች ሥራ ነው እያልን ስንሸሽ ኖረናል፤ እነሱም የቋንቋ ሰዎች ሥራ ነው ይላሉ።

የልጄ ካርቶኖች አሁንም በጫማ ካርቶን ውስጥ አሉ። ስንጥሯ ጠፍታለች፤ ከቀለበቶቹም አንዱ ብቻ ቀርቷል። ባለፈው ክረምት የኔታን ልጠይቅ ወደ አገር ቤት ስሄድ ይዤያቸው ነበር። ዓይናቸው ደክሟል። «ሰ»ንና ቀለበቷን በመዳፋቸው ላይ አድርጌ ምን እንደሆነ ብጠይቃቸው፣ በጣታቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ቀለበቷን ወደ ቀኝ እግሩ አስጠጉና «ሴ» አሉ። ቀጥለውም ቆቡን አንሥተው አናቱ ላይ አሳረፉና «ሼ» ብለው ሣቁ። ከዚያ «አቡጊዳውን ግን ታስቆጥራታለህ?» ብለው ጠየቁኝ።